ልጁ ምን ይሠራል? ስለ ኅብረተሰብ ትምህርት ግብና ዓላማ አጻጻፍ

(በሀዋሳ ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

ውድ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ። የቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ዕቅድ አጻጻፍ ሊወራ ነው ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቅጹ ነው። ሠንጠረዡ፣ ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ክፍል ኃላፊ የሚቀርበው ወረቀት፣ ፊርማው። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ከቅጹ ሣጥኖች ስለ አንዷ ብቻ ነው፤ «ዝርዝር ዓላማ» ስለምትለው። ያቺ ሣጥን በሐቅ ከተሞላች የመምህሩና የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያው፣ ምዘናው፣ ሁሉም ከእሷ ይወጣል። ለይስሙላ ከተሞላች ግን የተቀረው ወረቀት ቢያምርም ክፍል ስትገቡ አይረዳችሁም።

መጀመሪያ ግብንና ዝርዝር ዓላማን እንለይ። ግብ የዓመታት ጉዳይ ነው። «ኃላፊነት የሚሰማው፣ በማስረጃ የሚያስብ፣ የሌላውን ሐሳብ የሚያዳምጥ ዜጋ ማፍራት» ብለን ስንጽፍ ስለ ስምንተኛ ክፍል ብቻ አይደለም የምናወራው። ያ ልጅ ነገ አባወራ ሆኖ፣ ያቺ ልጅ እማወራ ሆና በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚናገሩም ጭምር ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ እኩልነት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሰላምና ስለ ዴሞክራሲያዊ ባህል ሲያነሳ ግብ እያስቀመጠ ነበር። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካኖች ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ሲቪክስን በአንድ ጥላ ሥር አሰባስበው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ሲያቀርቡ ዋና ምክንያታቸው ዜጋን ማነጽ ነበር።

ዝርዝር ዓላማ ግን የዛሬ ጉዳይ ነው። ደወሉ ሳይደወል ልጁ የሚሠራው፣ እናንተም በዓይናችሁ የምታዩት ወይም በጆሯችሁ የምትሰሙት ነገር ነው።

ችግራችን በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው፣ ግቡ ተንሸራቶ የዕለት ዕቅድ ውስጥ ይገባል። «ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎች የአካባቢ ጥበቃን ጥቅም ይረዳሉ።» ጥሩ ምኞት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እናንተ ቀርታችሁ ሌላ መምህር ቢተካችሁ፣ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ይህቺ ልጅ ተረድታለች፣ ያ ልጅ አልተረዳም» ብሎ የሚለይበት ነገር ዕቅዱ ላይ አለ? ከሌለ ዓላማው ገና አልተጻፈም።

ሁለተኛው ችግር የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «ተማሪዎች አምስት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ይዘረዝራሉ።» ይህ ይታያል፣ ይቆጠራል። ሱፐርቫይዘሩም ራይት አድርጎ ያልፈዋል። ግን ልጁ አምስቱን ስም ከዘረዘረ በኋላ ምን አገኘ? በእኔ እምነት ከሁለቱ አደገኛው ይኼኛው ነው። የመጀመሪያው ጉድለት ቶሎ ይታያል፤ ይኼኛውን ግን ማንም ስለማይቃወመው ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል። ልጁ ስም እየሸመደደ ዓመቱ ያልቅና ኅብረተሰብ ማለት የሽምደዳ ትምህርት ነው ብሎ ይደመድማል። ስንቱ ጎበዝ ተማሪ ነው በዚህ ምክንያት ሶሻልን የናቀው!

ስለ ዓላማ አጻጻፍ የተማርነው ነገር ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላንሳ። ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ማንኛውም የትምህርት ዕቅድ «ምን ላይ መድረስ ይፈልጋል?» ከሚል ጥያቄ መነሳት እንዳለበት አስተማረ። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 የአስተሳሰብን ደረጃዎች በስድስት ከፈሉ። ከማስታወስ ተነስቶ እስከ መገምገም የሚደርሰው፣ ሁላችንም ኮሌጅ የሸመደድነው ነው። ሮበርት ሜገር ደግሞ በ1962 አንድ ዓላማ ሦስት ነገር ይኑረው አለ፦ ተማሪው የሚያደርገው ተግባር፣ የሚያደርግበት ሁኔታ፣ የሚጠበቅበት መጠን። ከእነዚህ የወረስነው ብዙ ነው። አጠቃቀማችን ላይ ግን አንድ ነገር ተዛብቷል። ሥራው ሁሉ ግሱ ላይ ቀረ። ከግድግዳ ላይ የግስ ዝርዝር አይተን «ይተነትናሉ» ብለን እንጽፋለን። ክፍል ገብተን ትንታኔውን ራሳችን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ልጆቹ ይገለብጣሉ። በማግስቱ የገለበጡትን እንጠይቃለን። ይህ ከመጀመሪያው የብሉም ደረጃ አላለፈም። ግሱ ትልቅ ስለሆነ ሥራው ትልቅ አይሆንም። ዓላማ ስትጽፉ ከግሱ እኩል አስቡበት የምላችሁ ልጁ እጁ ላይ የሚይዘውን ነገር ነው። ካርታ ነው? የቁጥር ሠንጠረዥ ነው? ሁለት የሚጋጩ ሐሳቦች ናቸው? ወይስ የገዛ ሰፈሩ?

እስቲ በሐይቃችን እንየው። እዚህ ከተማ የሚያድግ ልጅ ሐይቁን ያውቀዋል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ አሳ በልቷል፤ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል አይቶታል። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ግን ሀዋሳ ሐይቅ በዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ስም ነው።

የመጀመሪያውን ዓላማ እንዲህ ብንጽፈውስ? «ተማሪዎች በካርታ ላይ ገባርና መውጫ ወንዞችን ተከትለው የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአብጃታ፣ የሻላና የሀዋሳ ሐይቆችን መውጫ ያላቸውና የሌላቸው ብለው ይለያሉ።» አሁን ልጁ ጣቱን ካርታ ላይ አድርጎ ይሄዳል። መቂና ካታር ዝዋይ ሲገቡ ያያል። ከዝዋይ ቡልቡላ ወጥቶ አብጃታ ሲገባ ያያል። የላንጋኖም ውኃ በሆራ ቀሎ በኩል ወደ አብጃታ ይመጣል። ከአብጃታ ግን ምንም አይወጣም። ስሞቹንም ሳያስበው ይይዛቸዋል።

ሁለተኛው ዓላማ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይመጣል። «ተማሪዎች መውጫ መኖርና አለመኖር ከውኃው ጨዋማነት ጋር ያለውን ግንኙነት በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ያስረዳሉ።» ዝዋይ ጨው የለውም፤ አብጃታና ሻላ ጨዋማ ናቸው። መውጫ የሌለው ውኃ የሚሄደው በትነት ነው። ውኃው ሲተን ጨውና ማዕድኑ እዚያው ይቀራል፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ልጆቹ ከዚህ አንድ ሕግ ያወጣሉ፦ መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ ነው።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ባወጡት ሕግ መሠረት ሐይቁ ጨዋማ መሆን ነበረበት። አይደለም። ቆሮሶውና አምባዛው ይኖርበታል፤ ከብቱም ይጠጣዋል። ስለዚህ ዓላማው እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎች ሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ሳይኖረው ለምን ጨዋማ እንዳልሆነ ቢያንስ አንድ መላምት ከነምክንያቱ ያቀርባሉ።» ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ አለ። ውኃው በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በኩል በከርሰ ምድር ይወጣል ይላሉ። ግን እናንተ ይህንን ቶሎ አትንገሯቸው። ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምናልባት ከሥር እየወጣ ይሆናል» ካለች ጂኦግራፊ ሠራች ማለት ነው። ሌላው «የጥቁር ውኃ ንጹሕ ውኃ ስለሚቀላቀልበት ነው» ቢልም ጥሩ። «ታዲያ አብጃታስ ዝዋይን የሚያህል ንጹሕ ውኃ እየመጣለት ለምን ጨዋማ ሆነ?» ብሎ የሚሞግተው ጓደኛ አያጣም።

በማስረጃ የሚያስብ ዜጋ ማፍራት የሚለው ትልቁ ግብ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የሰማውን ሕግ በራሱ አካባቢ ፈትኖ «እዚህ ጋ አልሠራም» ያለ ልጅ ወደ ግቡ አንድ እርምጃ ሄዷል። ስለ ዜግነት አንድ ቃል ሳይነገርም ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የአካባቢ ጥበቃው ሳይለመን ይመጣል። የአብጃታ ሐይቅ በአስርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ሸሽቷል። ከምክንያቶቹ መካከል ከገባሮቹ ለመስኖ የሚወሰደው ውኃና ለሶዳ አሽ ምርት ከራሱ ከሐይቁ የሚሳበው ውኃ ይገኙበታል። «ተማሪዎች በአብጃታ የደረሰውን ምክንያትና ውጤት በቀስት ሥዕል ካሳዩ በኋላ፣ ከምክንያቶቹ የትኛው በሀዋሳ ሐይቅ ላይ ሊደርስ እንደሚችል መርጠው ያስረዳሉ።» ቀጥሎ ደግሞ ከቤታቸው ደጅ ያለው የጎርፍ ቦይ ወዴት እንደሚሄድ ተከትለው ንድፍ ያወጡ። ብዙዎቹ ሐይቁ ጋ ነው የሚደርሱት። «የአካባቢ ጥበቃን ጥቅም ይረዳሉ» ያልነው ምኞት አሁን የሚታይ ሥራ አገኘ።

ሌሎች ርዕሶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሕዝብ ቁጥር ስታስተምሩ «የሕዝብ ቆጠራን ትርጉም ይገልጻሉ» ብላችሁ አታቁሙ። አገራችን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጥራለች። በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ ነበርን፤ በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋን። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ልጆቹ በ12 ዓመት የተጨመረውን ያስሉ። ከዚያ ትክክለኛ ቁጥር ከሌለ የመማሪያ ክፍልና የውኃ መስመር በምን ሒሳብ እንደሚታቀድ በአንድ የሰፈራቸው ምሳሌ ያስረዱ።

ፍልሰት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥንቃቄ የሚፈልግ ርዕስ ነው። ሀዋሳ በራሷ ማስተማሪያ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከዙሪያው ገጠር ለሥራ መጥተዋል። ስለዚህ «ተማሪዎች ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ጎልማሳ ጠይቀው፣ የሰሟቸውን ምክንያቶች ገፊና ሳቢ ብለው ይመድባሉ» የሚለው ዓላማ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሐረግ ጨምሩበት፦ «ፈቃደኛ የሆነ»። በእነዚህ ዓመታት ስንት ቤተሰብ ሳይወድ በግድ ከቀዬው እንደወጣ ታውቃላችሁ። ክፍል ውስጥ ያለችው ልጅ የቤቷን ሐዘን በአርባ ደቂቃ ውስጥ ለጓደኞቿ እንድታነብ የሚያስገድድ ዓላማ መጻፍ የለበትም። ጎረቤት ትጠይቅ፣ ባለ ሱቁን ትጠይቅ፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ትጠይቅ። ዓላማ ስንጽፍ ልጁን የት እንደምናቆመው እየወሰንን ነው። ይህንን ሁልጊዜ እናስብ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ዕሴት። መቻቻል፣ አገር መውደድ፣ መከባበር። ቅጹ ላይ «አመለካከት» የሚል መስመር አለና «ተማሪዎች ብዝኃነትን ያደንቃሉ» ብለን እንሞላዋለን። የብሉም ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ1964 ዝንባሌን በአምስት ደረጃ ሲከፍሉ የመጀመሪያው ደረጃ ልብ ብሎ መቀበል፣ ማዳመጥ ብቻ ነበር። ዋጋ መስጠት ሦስተኛው ላይ ነው የሚመጣው። እኛ ግን ከሦስተኛው በላይ ያለውን በአንድ ማክሰኞ ልንደርስበት እንጽፋለን። ኤሊየት አይዝነር የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 ሌላ ሐሳብ አቅርቧል። አንዳንድ ዓላማ ውጤቱን አስቀድሞ መናገር የለበትም፤ ተማሪው ምን እንደሚያጋጥመውና ምን ላይ እንደሚሠራ ብቻ ይናገር አለ። እኔ በዕሴት ጉዳይ ከእሱ ጋር ነኝ።

ስለዚህ «ያደንቃሉ»ን ተዉትና ያ ዕሴት ያለው ሰው ምን ሲያደርግ እንደሚታይ ጻፉ። ለምሳሌ የሐይቁን ዳርቻ ጉዳይ ለውይይት አቅርቡ። ዓይነ ጠባብ መረብ ትንንሹን ቆሮሶ ሳያድግ ያጠምደዋል። ይከልከል ወይስ አይከልከል? አንዱ ቡድን ዓሣ አጥማጅ ይሁን፣ አንዱ አሳ ጠባሿ እናት፣ አንዱ የከተማው አስተዳደር፣ አንዱ ባለ ሆቴሉ። ወገኑን ዕጣ ያውጡ እንጂ አይምረጡ። ዓላማው እንዲህ ይጻፍ፦ «ተማሪዎች የደረሳቸውን ወገን ሐሳብ በሁለት ምክንያት ይደግፋሉ፤ ከዚያ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ነጥብ ባለቤቱ እስኪስማማ ድረስ በራሳቸው ቃል ይደግማሉ።» ይህ ይሰማል። በየወሩ ከተደጋገመ ልማድ ይሆናል። ማርክ ግን አትስጡበት። ማርክ ከሰጣችሁ ልጁ መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ነው የሚናገረው።

የባህል ትምህርትም እንዲሁ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። «የበዓሉን ታላቅነት ያደንቃሉ» ከምትሉ፣ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች የከዋክብትን እንቅስቃሴ አይተው ቀኑን እንዴት እንደሚወስኑ ልጆቹ ያስረዱ፤ ባለ 13 ወሩን የዘመን አቆጣጠር ከጎኑ አድርገው ያነጻጽሩ። ዕውቀቱ ውስጥ የገባ ልጅ ራሱ ያከብረዋል። የሲዳማ ተወላጅ የሆነውንም ልጅ «ባህልህን ንገረን» ብላችሁ ብቻውን አታቁሙት። ሁሉም እኩል ይመራመር።

አሁን ስለ አሠራሩ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ከሁሉ በፊት ጻፏት። ሰሌዳው ላይ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የምትጽፏት፣ ልጁ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚመልሳት ጥያቄ። እሷ ከመጣች ዓላማው መጥቷል፤ ወደ ዓላማ ቋንቋ መለወጥ ቀላል ነው። ጥያቄዋ ካልመጣችላችሁ ግን ርዕስ እንጂ ዓላማ አልያዛችሁም።

ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ዓላማ ይበቃል፤ ቢበዛ ሁለት። ስም መጥራቱና የቤት ሥራ ማየቱ ከአርባው ደቂቃ ስንቱን እንደሚበላ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አራት ዓላማ ጽፎ አንዱንም ሳይነኩ ከመውጣት አንዱን መጨረስ ይሻላል።

የሜገርን ሦስተኛ ነገር፣ የሚጠበቀውን መጠን፣ በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። «ከተማሪዎቹ 80 በመቶው በትክክል ይመልሳሉ» ብላችሁ የምትጽፉት የምትቆጥሩት ከሆነ ብቻ ይሁን። በታጨቀ ክፍል ውስጥ የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ማየት አይቻልም። ዛሬ የመስኮቱን ረድፍ፣ ነገ የመሐሉን እዩ። ያንኑ ዕቅዱ ላይ ጻፉት። እውነት ስለሆነ ሱፐርቫይዘሩም ይከራከራችኋል ብዬ አላምንም።

ቋንቋም አለ። በዚህ ከተማ በሲዳምኛ የሚማር አለ፣ በአማርኛ የሚማር አለ፤ ቤቱ ደግሞ ወላይትኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር አለ። ስለዚህ «በጽሑፍ ያብራራሉ» ከማለታችሁ በፊት መመዘን የፈለጋችሁት ጽሕፈቱን ነው ወይስ ሐሳቡን? ሐሳቡን ከሆነ በሥዕል፣ በቀስት፣ በቃልም ይሁንለት።

ከመድረክ ከመውረዴ በፊት በወረቀት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ልመልስ። «ዕውቀት፣ ክህሎት፣ አመለካከት ተብሎ በሦስት ካልተከፈለ ዕቅዳችን ውድቅ ይደረግብናል፤ ከመምህሩ መምሪያም መውጣት አይፈቀድልንም» ይላል። ልክ ነው፣ ግፊቱ እውነተኛ ነው። መልሴ፦ ሦስቱንም መስመር ሙሉ፤ ግን ሦስቱም ስለ አንድ ሥራ ይናገሩ። በሐይቁ ምሳሌ ዕውቀቱ የመውጫና የጨዋማነት ግንኙነት ነው። ክህሎቱ ካርታውን ማንበብ ነው። አመለካከቱ ደግሞ የጓደኛውን መላምት ሳያቋርጥ ሰምቶ በምክንያት መመለስ ነው። የመምህሩን መምሪያም አትጣሉት። እዚያ ያለውን የመማር ብቃት ቃል በቃል ከላይ ጻፉት፤ ከሥሩ የእናንተን አካባቢያዊ ዓላማ አስቀምጡ። መምሪያው ለብዙ ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ የተጻፈ ስለሆነ የእናንተን ሐይቅ፣ የእናንተን ሰፈር ሊያስገባ አይችልም። ያ የእናንተ ድርሻ ነው።

አሁን የቀጣዩን ሳምንት ዕቅዳችሁን አውጡ። በየክፍል ደረጃችሁ አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንድ ዓላማ ብቻ ምረጡና መጀመሪያ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጻፉላት። ሰባተኛ ክፍሎች በዚህ በኩል፣ ስምንተኛ ክፍሎች በመስኮቱ በኩል። እየዞርኩ አብሬያችሁ እሠራለሁ።